ውለታው የማን ነው? ለተማሩበት ትምህርት ቤት ስለሚኖር ታማኝነት

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የሚባለው ተቋም የቆመው ብዙ ጊዜ ሳይመረመር በሚታለፍ አንድ የሥነ ምግባር እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም ሰው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ ለተማረበት ትምህርት ቤት ዕድሜ ልኩን የሚቆይ ውለታ አለበት፣ ይህንንም ውለታ በገንዘቡ፣ በጉልበቱና በስሙ ሊመልስ ይገባዋል የሚለው ነው። ማኅበሩ የወርቅ ኢዮቤልዩ ሲያከብር፣ ለቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ መዋጮ ሲጠይቅ፣ ወይም በባዕድ አገር የሚኖሩ አባላቱን ለዓመታዊ እራት ሲጠራ የሚተማመነው ይህ እምነት በአባላቱ ልብ ውስጥ እንዳለ ነው። ነገሩ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ውለታውን የዋለው ማን ነው? ተቀባዩ ሳይጠይቅና ሳይመርጥ የተደረገለት በጎ ነገር ዕዳ ሊባል ይችላልን? ለአንድ ትምህርት ቤት ማድላትስ ለሌላው፣ ይልቁንም የትምህርት ቤት ደጅ ላልረገጠው ወገን፣ ከሚገባው ፍትሕ ጋር እንዴት ሊታረቅ ይችላል? የሚከተለው ምርመራ እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ሲያነሣ የሚያመራው ወደ አንድ ሐሳብ ነው፤ የተማረ ሰው ባለውለታዎች በአብዛኛው የሚገኙት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤት መታመን በጎነት የሚሆነው ይህን ሲያውቅና አከፋፈሉንም በዚያው መጠን ሲያሰፋ ነው።

ስለ መምህር ውለታ የጥንት ፈላስፎች ያስቀመጡት ትምህርት ለምርመራው ጥሩ መነሻ ይሆናል። አሪስቶትል በኒኮማከስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ፍልስፍናን ያካፈለ መምህር ለሰጠው ነገር የገንዘብ ተመን እንደማይገኝለትና ክብርም ቢሆን ሚዛኑን ሊያስተካክል እንደማይችል ካመለከተ በኋላ፣ ለአማልክትና ለወላጆች እንደሚደረገው ሁሉ ተማሪው የሚቻለውን ያህል ማድረጉ ይበቃዋል ይላል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ፈላስፋ ሴኔካ ደግሞ ስለ ውለታ በጻፈውና ሰባት ክፍሎች ባሉት ድርሳኑ ጥያቄውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሐኪምና መምህር ደመወዛቸውን ከተቀበሉ በኋላ ምን ቀሪ ዕዳ አለ ብሎ ይጠይቅና፣ የተከፈላቸው የድካማቸው ዋጋ እንጂ የሰጡት ጤናና ዕውቀት ዋጋ እንዳልሆነ፣ ከውሉም አልፎ ስለ ተማሪው የተጨነቀ መምህር ከባለሙያነት ወደ ወዳጅነት እንደሚሻገር በመግለጽ ይመልሳል። ሁለቱም ፈላስፎች ታዲያ የሚናገሩት ፊት ስላለው፣ ስለሚደሰትና ስለሚያዝን ሰው ነው፤ የመምህሩን ውለታ ወደ ሕንፃ፣ ወደ አርማና ወደ ስም ማሸጋገር ይቻል እንደሆነ አልመረመሩም።

በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርትም ታማኝነቱ በመጀመሪያ የሚጠመጠመው በሰው ላይ ነው። የአብነት ትምህርት የሚባለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከንባብ ቤት ጀምሮ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት የሚዘልቅ፣ ደቀ መዝሙሩ መምህሩን አርአያ አድርጎ ቃል በቃል የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። ተማሪው ከአገሩ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ «የኔታ» ከሚላቸው መምህር እግር ሥር ይቀመጣል። መምህሩ በቅኔ የዋድላ፣ የጎንጅ ወይም የዋሸራ፣ በዜማም የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር ወይም የተጉለት መንገድ ወራሽ ስለሆኑ ተማሪውም የዚያው ቤት ልጅ ሆኖ ይቆጠራል። በእስልምናም ትምህርት ወግ፣ እንደ ዳናና ጌታ ባሉ ስመ ጥር የወሎ ማዕከላት ሲያስተምሩ የኖሩ ሸኾች ክብራቸው ደረሳ ከሚባሉት ተማሪዎቻቸው አፍ አይጠፋም፤ ኢጃዛ፣ ማለትም ተማሪው የተቀበለውን ለሌላ እንዲያስተምር የሚሰጠው ፈቃድ፣ ከመምህሩ ወደ መምህሩ መምህር ወደ ኋላ የሚቆጠር የስም ሰንሰለት ነው። በሁለቱም ወጎች ተማሪው ባለውለታውን በስም ያውቀዋል፤ ውለታው ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል፤ ወንበር ዘርግቶ እንዲያስተምር ይጠበቅበታልና።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ የታማኝነቱ ማረፊያ ተለወጠ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን ሥራውን በጀመሩበት በምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በከፈቱት በተፈሪ መኮንን፣ ለልጃገረዶች በተቋቋመው በእቴጌ መነን፣ ከነጻነት በኋላ በተከፈተው በጄኔራል ዊንጌት መምህራኑ ከየአገሩ ይመጣሉ፣ ጥቂት ዓመታት ያስተምራሉ፣ ይሄዳሉ። ለምሳሌ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተፈሪ መኮንንን የመሩት ኢየሱሳውያን በሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሥር ያሉ ካናዳውያን ካህናት ሲሆኑ፣ አለቃቸው አባ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ ከዚያ ተወስደዋል። ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ ከብዙ መምህራን ስለሚማርና እነርሱም ስለሚለዋወጡ፣ በልቡ የሚቀረው አንድ የኔታ ሳይሆን ግቢው፣ ደወሉ፣ ደንብ ልብሱ፣ የጠዋቱ ሰልፍና የትምህርት ቤቱ ስም ይሆናል። በዚህ መንገድ ታማኝነቱ ከሰው ወደ ተቋም ተሻገረ፤ ተቋም ሲባል በውስጡ ያሉት ሰዎች ቢፈራረቁም በዓላማው፣ በሥርዓቱና በሥራው የሚቀጥል የሰዎች አደረጃጀት ማለት ነው።

ሽግግሩ አንድ ከባድ ችግር ይዞ መጣ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ተባለ፤ እቴጌ መነን የካቲት 12 ተባለ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። ስሙ፣ ሥርዓተ ትምህርቱና የተማሪዎቹ የኑሮ ደረጃ ከተለወጠ በቀድሞው ስም የተማረ ሰው ታማኝነት የሚገባው ለየትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ሊታሰቡ ይችላሉ። ታማኝነቱ ለስሙ ነው ከተባለ አዋጅ ሊሽረው በሚችል ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ለግቢውና ለሕንፃው ነው ከተባለ ለድንጋይ የሚኖር ናፍቆት ይሆናል እንጂ የሥነ ምግባር ግዴታ ሊሆን አይችልም። ለሥራው፣ ማለትም ትውልድን ለማስተማር ተግባር ነው ከተባለ ግን መሠረት ያገኛል፤ ሥራው ዛሬም በዚያው ግቢ በሌሎች ልጆች ላይ እየተሠራ ነውና። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ማኅበራት አይመችም፤ በቀድሞው ስም ዘመን የነበሩትን አብሮ አደጎች ብቻ እየሰበሰበ፣ ዛሬ በዚያው ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የሚማሩትን ልጆች የማያውቅ ማኅበር ታማኝነቱ ለትምህርት ቤቱ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ለገዛ ወጣትነቱ ሳይሆን አይቀርም። የወጣትነት ትዝታ ክፉ ነገር ባይሆንም የግዴታ ምንጭ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ያልመረጡት በጎ ነገር ዕዳ ስለመሆኑ ነው። ዕዳ ማለት በጥብቅ ትርጉሙ ሰጪና ተቀባይ የተስማሙበት፣ መጠኑ የታወቀ፣ ሲከፈልም የሚያልቅ ግዴታ ነው። ፕላቶ «ክሪቶን» በተባለው ምልልሱ የአቴና ሕግጋት ሰው ሆነው ሶቅራጥስን ሲሞግቱት ያሳያል፤ ወልደንሃል፣ አሳድገንሃል፣ አስተምረንሃል የሚል ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፣ ይህ ብቻ እንደማይበቃ ያወቁ ይመስል፣ ሌላ ማስረጃ ይጨምራሉ፤ ሶቅራጥስ አድጎ ሕጉን ካወቀ በኋላ ወደ ፈለገው አገር መሄድ ሲችል ዕድሜውን ሙሉ በከተማይቱ መኖሩ የስምምነት ምልክት ነው ይሉታል። የትምህርት ቤት ተማሪ ግን ይህ ሁለተኛው ማስረጃ አይጠቀስበትም። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የሚማርበትን የሚመርጡለት ወላጆቹ፣ ሰፈሩ ወይም የመንግሥት ደንብ ናቸው፤ ጥሎ ለመሄድም አቅም የለውም። ስለዚህ በጥብቅ ትርጉሙ ዕዳ አለበት ማለት አይቻልም፤ ሊኖርበት የሚችለው ምስጋና ነው።

ምስጋና ከዕዳ በሦስት ነገሮች ይለያል። መጠኑ አይወሰንም፤ ጊዜው አያልፍበትም፤ ከሁሉም በላይ የሚያተኩረው ከተቀበሉት ጥቅም ይልቅ በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ ነው። አንድ ሰው ሳያስበው ለሌላው ጥቅም ቢያስገኝ አይመሰገንም፤ አስቦ ሞክሮ ባይሳካለት ግን ይመሰገናል። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከደወል በኋላ ቆይቶ ደካማውን ተማሪ ያስረዳ መምህር፣ የደብተር መግዣ ላጣ ልጅ ከኪሱ ያወጣ ርእሰ መምህር፣ በር ዘግቶ መመለስ ሲችል ያረፈደችውን ያስገባ ዘበኛ ምስጋና ይገባቸዋል። በድህነቱ የተዋረደ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተሳለቁበት፣ ያለ ጥፋቱ የተገረፈ ተማሪ ግን በዚያ በኩል የሚመልሰው ውለታ የለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ማኅበሩ የደስታ ቀን አድርጎ የሚያስበውን ዘመን እርሱ እንደ ቁስል ሊያስበው ይችላል። በመሆኑም ማንኛውም የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አባላቱን ሊጋብዝ እንጂ ሊያስገድድ፣ ከመዋጮው የቀረውንም ውለታ ቢስ ብሎ ሊፈርድበት አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የማድላት ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ጎድዊን እ.ኤ.አ. በ1793 ባሳተመው የፖለቲካ ፍትሕ መጽሐፉ በእሳት ከተያያዘ ቤት አንድ ሰው ብቻ ማውጣት ቢቻል፣ የራስ ዘመድ ስለሆነ ሳይሆን ለሰው ልጆች ይበልጥ የሚጠቅመው መትረፍ አለበት የሚል ምሳሌ አቅርቦ፣ «የእኔ» የምትለው ቃል በፍትሕ ሚዛን ላይ ክብደት ሊኖራት አይገባም ሲል ተከራክሯል። ይህ አስተሳሰብ ገለልተኝነት ይባላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ጥቅም ማንነቱ ሳይታይ እኩል ይመዘን የሚል ሐሳብ ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት በመሐል አዲስ አበባ ያለ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ገንዘቡን ዳስ ውስጥ ለሚማሩ የገጠር ልጆች መስጠት ሲገባው ለራሱ ትምህርት ቤት አዲስ አዳራሽ ቢያሠራ ስህተት ይፈጽማል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ጎድዊን ያላየው ነገር ግን አለ። ሰው ለሁሉም የሚሆን ፍቅር የሚማረው ለአንዱ ካለው ፍቅር ተነሥቶ ነው፤ ማንንም ለይቶ ያልወደደ ሰው ሁሉን ይወዳል ብሎ ማመን ያስቸግራል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሳያ ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ስለ ታማኝነት የተጻፈ መጽሐፍ ለዚህ ችግር መውጫ ይጠቁማል። ሮይስ ታማኝነትን ሰው በፈቃዱ፣ በተግባርና ሳያወላውል ራሱን ለአንድ ዓላማ መስጠቱ ነው ብሎ ከፈታ በኋላ፣ ክፉውን ታማኝነት ከበጎው የሚለይበትን መመዘኛ ያስቀምጣል፤ በጎ ታማኝነት የሌሎችን ታማኝነት የማያፈርስ፣ እንዲያውም እንዲያብብ የሚረዳ ነው ይላል። ይህንንም ለታማኝነት መታመን ብሎ ይጠራዋል። አንድ ማኅበር የራሱን ትምህርት ቤት ሲያገለግል የሌላው ትምህርት ቤት ልጆችም የራሳቸውን እንዲወዱና እንዲያለሙ የሚያነሣሣ ከሆነ መመዘኛውን ያልፋል፤ ሌላውን በማናናቅ የሚኖር ከሆነ ይወድቃል።

ሃይማኖታዊው ትምህርትም ወደዚሁ ያመራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት የሚገሥጻቸው በየአስተማሪያቸው ስም ተከፋፍለው አንዱ የጳውሎስ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ነኝ በማለታቸው ነበር። አስተማሪዎቹ ተክለው ያጠጡ አገልጋዮች እንደሆኑና ያሳደገው እግዚአብሔር እንደሆነ ሲያስረዳ፣ የመምህርን ክብር ሳይሽር የመምህርን ስም ለመከፋፈያ ማዋልን ይሽራል። የአብነት ትምህርት ቤቶችም የመንገድ ልዩነታቸውን ለዘመናት ይዘው የቆዩት በአብዛኛው እንደ ሀብት ቆጥረውት ነው፤ የቅኔ ተማሪ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተሻግሮ የሌላውንም መንገድ መቅሰሙ የመጀመሪያውን መምህር እንደመካድ አይቆጠርበትም፤ ዕውቀት መጨመር ነው ይባልለታል።

በዘመናዊው ኑሮ የማድላቱ አደጋ ከሁሉ የሚጎላው በሥራ ቦታ ነው። አሪስቶትል ወዳጅነትን በጥቅም ላይ የቆመ፣ በደስታ ላይ የቆመና በመልካም ጠባይ ላይ የቆመ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። አብረው የተማሩ ሰዎች ወዳጅነት በደስታ ተጀምሮ ለአንዳንዶች ወደ መልካም ጠባይ ወዳጅነት ይበስላል፤ ለብዙዎች ግን ሳይታወቅ ወደ ጥቅም ወዳጅነት ይቀየራል። ቀጣሪው አመልካቹን በችሎታው ሳይሆን በተማረበት ግቢ ሲመዝነው፣ ጨረታው ለአብሮ አደግ ሲያደላ፣ የሹመቱ ዝርዝር የአንድ ክፍል የተማሪዎች መዝገብ ሲመስል፣ ማኅበሩ ለዘመድ አዝማድ አሠራር አዲስ ስም ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው በችሎታው የሚበልጠው፣ በዚያ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ያላገኘው ሰው ነው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ከትምህርቱ፣ ቀጥሎም ከትምህርቱ ፍሬ።

ያ ዕድል ያላገኘ ሰው ደግሞ ከውለታው ታሪክ ውጭ የቆመ ተመልካች አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የትምህርት ግብር ታወጀ፤ ግብሩ የሚሰበሰበው ከመሬት ስለነበር ሸክሙ ያረፈው በገጠሩ ላይ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን በአመዛኙ የተሠሩት በከተሞች ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከደረሱት የአገሪቱ ልጆች ከአምስት አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ማደሪያና ምግብ በሚያቀርቡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለተማሩት ወጣቶች ወጪ ከሸፈኑት መካከል ልጆቻቸው ከብት ሲጠብቁ የዋሉ ገበሬዎች ነበሩ። በአብነቱም ትምህርት ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ቅኔ የተማረው ከየኔታ ቢሆንም በሕይወት ያቆየው ከየደጁ የተቆረሰለት እንጀራ ነው፤ እንጀራውን የቆረሰችው እናት ግን ስሟ በመምህራን የትውልድ ሐረግ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ውለታውን የዋለው ማን ነው ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሰፊ ነው፤ መምህሩ አለበት፣ መሥራቹ አለበት፣ ከሁሉ የበዙት ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ስማቸው ያልሰፈረ ባለውለታዎች ናቸው።

የባለውለታው ማንነት ሲታወቅ የአከፋፈሉ መንገድም ይገለጣል። መምህሩ አርጅቷል ወይም አርፏል፤ መሥራቹ የለም፤ ግብር የከፈለው ገበሬ በስም አይታወቅም። ወደ ኋላ ሊከፈል የማይችል ውለታ ወደ ፊት ይከፈላል፤ ማለትም ለሰጡት ሰዎች ሊመለስ ስለማይችል ለእነርሱ ልጆችና እንደ እነርሱ ላሉት ይሰጣል። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው ያለ ዋጋ የተቀበሉትን ያለ ዋጋ እንዲሰጡ ማዘዙ ይህንኑ የአከፋፈል ሥርዓት ያሳያል፤ የሚቀበሉት ከእርሱ ሆኖ ሳለ የሚሰጡት ለሌሎች ነው። በእስልምና አስተምህሮም አስተማሪው ከሞተ በኋላ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ከማይቋረጡት መልካም ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። አስመስክሮ የወጣው የአብነት ተማሪ ወደማያውቀው ደብር ሄዶ ጉባኤ ሲተክል የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ታሪክ ይህን ሐሳብ በሥርዓት መልክ ካሳዩት ተግባራት አንዱ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ግዴታ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ተመድበው የሠሩት በመምህርነት ነበር። ተማሪው የመማሩን ዋጋ የመለሰው ለዩኒቨርሲቲው ሣጥን ሳይሆን በየአውራጃው ላሉ ልጆች ነው፤ በዚያው አጋጣሚም ብዙዎች ከከተማ የማይታየውን የአገራቸውን ኑሮ በዓይናቸው አይተዋል። እርግጥ በግዴታ የተሠራ በጎ ሥራ ምስጋና ነው ወይስ ግብር የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችና መምህራን የዘመቱበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያከብደዋል። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ልዩ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ መንግሥት በትእዛዝ የሠራውን እርሱ በፈቃድ ሊሠራው ይችላል፤ በፈቃድ ሲሠራ ደግሞ ምስጋና የሚለውን ስም በትክክል ያገኛል።

ለእንዲህ ያለው አከፋፈል መለኪያ የሚሆን ሥርዓት በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት አለ። በጻድቅ፣ በሰማዕት ወይም በመልአክ ስም በየወሩ የሚሰበሰበው የጽዋ ማኅበር አባላቱን በፍቅር ያስተሳስራል፣ በሐዘንና በደስታ ያገናኛል፤ ዝክሩ ግን ለአባላቱ ብቻ አይደገስም፤ በደጅ የቆመው ነዳይ ድርሻ አለው። ነዳያኑ የተመለሱበት ዝክር ጠላው ቢጠራ፣ እንጀራው ቢሳሳ፣ ለስሙ የተደገሰለትን ቅዱስ እንዳከበረ አይታሰብም። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርም በዚሁ ልክ ሊመዘን ይችላል፤ አባላቱ መገናኘታቸው፣ መረዳዳታቸው፣ ሙታናቸውን መቅበራቸው መልካም ነው፤ ደጁ ላይ የቆመው ልጅ ድርሻ ከሌለው ግን የተሰበሰቡበት ስም ትርጉሙን ያጣል።

የታማኝነት ሌላው ፈተና እውነት ነው። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ሳይመን ኬለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንዳንድ ታማኝነት ሰውን በማስረጃ ላይ ያልተመሠረተ እምነት እንዲይዝ እንደሚገፋው ያስጠነቅቃል፤ የወደደውን ነገር በጎነት ለማመን ስለሚፈልግ የሚቃረነውን ማስረጃ አያይም። የዚህ ዓይነቱ ዓይን የመጨፈን ዝንባሌ በትምህርት ቤት ትዝታ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ያ ዘመን ወርቃማ፣ ዛሬው ግን የተበላሸ ተደርጎ ይተረካል፤ በዚያ ወርቃማ ዘመን ስንቶች ከደጅ እንደቀሩ፣ ስንት ሴቶች ልጆች ገና በአራተኛ ክፍል ከትምህርት እንደተነጠሉ ግን አይነገርም። በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ቢከራከሩበትም፣ ሰዎች ከአባቶቻቸውና ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበላቸውን አጥብቆ የሚነቅፍ መጽሐፍ ነው። ትምህርት ቤት ልጅን ማሰብና መጠየቅ ካስተማረው፣ ያ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤቱን ራሱን ሲጠይቅ የተማረውን በሥራ ማዋሉ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ጉድለት በግልጽ የሚናገር አባል ከሃዲ አይደለም፤ ጉድለቱን እያወቀ ለክብር ሲል ከሚሸፍነው ይልቅ ለትምህርቱ የታመነ እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ሲተረጐም በማኅበራቱ አሠራር ላይ ተጨባጭ ጥያቄዎችን ያስከትላል። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች መጻሕፍትና ኮምፒዩተር ሲልኩ፣ ዕቃው የተመረጠው ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር በጠየቀው መሠረት ነው ወይስ ላኪው ከአርባ ዓመት በፊት በነበረው ትዝታ መሠረት? የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ በአባላት ልጆችና በሰፈሩ ድሃ ልጆች መካከል ሚዛኑ እንዴት ይያዛል? የተሻለ አቅም ያለው ማኅበር በአቅራቢያው ካለና የቀድሞ ተማሪዎቹ ድሆች ከሆኑበት ትምህርት ቤት ጋር ቤተ ሙከራውን ለመካፈል ፈቃደኛ ነውን? እነዚህ ጥያቄዎች የአስተዳደር ዝርዝር ቢመስሉም የፍልስፍናው ጥያቄ በሥራ የሚፈተንባቸው ቦታዎች ናቸው።

ከምርመራው ሁለት ነገሮች በአንድነት ሊያዙ ይችላሉ። ጎድዊን እንዳለው «የእኔ» ማለት ለብቻው ምክንያት አይሆንም፤ ሰው አንድን ትምህርት ቤት የሚያገለግለው ከሌሎች ስለሚበልጥ ወይም የራሱ ስለሆነ ብቻ ከሆነ በፍትሕ ፊት የሚያቀርበው መልስ የለውም። ይሁን እንጂ ሰው ውለታን በጥቅሉ አይቀበልም፤ የሚቀበለው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዘመን፣ ከተወሰኑ ሰዎች እጅ ነው፤ ስለዚህ መመለሱንም ከዚያ ቢጀምር፣ ችግሩን የሚያውቀው ቦታ፣ ቃሉም የሚሰማበት ቦታ ያ ስለሆነ፣ ተገቢ ነው። ስህተቱ ከዚያ መጀመር አይደለም፤ ከዚያ መቅረት ነው። የተማረ ሰው ያደገበትን ትምህርት ቤት ሲያስብ ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡትን ብቻ ሳይሆን ግብሩን ከፍለው ወንበሩን ያላገኙትንም በባለውለታነት ከቆጠረ፣ ማኅበሩ የትዝታ ክበብ ከመሆን አልፎ የፍትሕ መሣሪያ ይሆናል፤ ይህን ካልቆጠረ ግን መዋጮው ምንም ያህል ቢበዛ ለራሱ የከፈለው ነው።